የተቃጠለ ምጣድ ስንት ያስወጣል?

እዚህ የሚለጠፈው የቡና፣ የጤፍ፣ የስንዴና የጥራጥሬ ዋጋ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ እንጀራ ምጣድ ነው። የኒውዮርክን ዋጋ ፈልጋችሁ የገባችሁ ላኪዎች ጠዋት የተለጠፈውን እዩት። ጊዜ ያላችሁ ተከተሉኝ፣ ከገበያው ብዙም አንርቅም።

የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰሞኑን ተቃጠለ። ስድስት ዓመት ሠርቷል፣ ዕድሜውን ጨርሷል፣ በቃ። ዋጋ ለማጣራት ለሥራ ጓደኞቼ ስደውል ሦስት ዓይነት ምክር አገኘሁ። አንዱ "ተወው ባክህ፣ እንጀራ ግዛ፤ በዚህ የጤፍ ዋጋ ቤቱ ጋግሮ የሚያዋጣው የለም" አለኝ። ሁለተኛው "ትንሽ ታገስ፣ ዋጋው ይወርዳል" አለ። ሦስተኛው "እጅህ ላይ ካለው ብር አንሳና አዲስ ግዛ፤ ለምጣድ ደግሞ ትጨነቃለህ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሦስቱም የታወቁ ነጋዴዎች ናቸው። አንድ መኪና ቡና ሲገዙ እርጥበቱን ሳይለኩ፣ ናሙና ሳያስቀምሱ፣ የጭነቱን ሳይደምሩ ቀብድ የማይከፍሉ ሰዎች ናቸው እኮ! እቤት ሲገቡ ግን ሂሳቡን ከጫማቸው ጋር በር ላይ ይተውታል።

የኔ አቋም አጭር ነው። ሦስቱም ምክር ገንዘብ ያስወጣል፣ በተለይ ኪሱ ለሳሳ ሰው። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ።

በመጀመሪያ ወቅቱን እንይ። ምጣዱ የተቃጠለው ነሐሴ 2017 ላይ ነው። አዲስ ጤፍ ገበያ ገብቶ የሚታየው ከኅዳር በኋላ ነው። የቡናው ለቀማም በአብዛኛው አካባቢ የሚጀምረው ጥቅምት ላይ ነው። እንደኔ በኮሚሽን ለሚኖር ደላላ ክረምቱ ስልኩ የሚያርፍበት ጊዜ ነው። በሌላ በኩል መስከረም ደጅ ላይ ቆሞ ነበር፤ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮ። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገባች ብለን እዚሁ ቻናል ላይ ተደስተናል፣ ደስ ሊለንም ይገባል። ያ ዶላር ግን በኔ ኩሽና በኩል አላለፈም። የብዙዎቻችሁም እንደዚያው እንደሆነ እገምታለሁ።

ወደ መጀመሪያው ምክር ልግባ፤ "እንጀራ ግዛ" ወደሚለው። ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

የሚከተለው ከቤቴ የወሰድኩት ቁጥር ነው፣ የገበያ ዋጋ ተብሎ እንዳይያዝብኝ፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡበት። ጤፉን በኩንታል 14,000 ብር እንያዘው። ማጓጓዣ፣ ማስነፊያና ማስፈጫ 1,000 ብር እንጨምርበት፣ 15,000 ይሆናል። በእኛ ቤት ከአንድ ኪሎ ዱቄት አምስት ገደማ እንጀራ ይወጣል፤ ከኩንታሉ 500 ማለት ነው። አንዱ 30 ብር መጣ። መብራቱን 1.50 ብር ብለን ስንደምር 31.50። ሱቅ የሚሸጠው ደግሞ 28 ብር ነው። አያችሁ? ጓደኛዬ ትክክል መሰለ። 28 ከ31.50 ያንሳል፣ አለቀ።

አላለቀም። ለናሙና የምጠቀምባትን ሚዛን አወጣሁና መዘንኩት። ከሱቅ የገዛነው፣ የአምስቱ አማካይ፣ 290 ግራም ነው። ምጣዱ ከመቃጠሉ በፊት ተጋግሮ የተረፈው የቤታችን ደግሞ 440 ግራም። አሁን በኪሎ አስሉት። የሱቁ ኪሎው 97 ብር ገደማ፣ የቤቱ 72 ብር ገደማ። ሃያ አምስት ብር ልዩነት በአንድ ኪሎ ላይ! ቡና ላይ ይህን ያህል ልዩነት ብናይ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስንደውል እናድር ነበር።

በዚያ ላይ ደረጃው አንድ አይደለም። የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ከሩዝ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ነው። ይህን ስል ሻጮቹን ለመውቀስ አይደለም። በከተማችን ስንትና ስንት እናቶች በዚህ ሥራ ልጅ ያሳድጋሉ። በዚህ የእህል ዋጋ ንጹህ ጤፍ በ28 ብር ሊያቀርቡልን እንደማይችሉ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ድብልቅ መሆኑ ነውር የለውም። እኔ የምለው ድብልቁን ከንጹህ ማኛ ጋር በፍሬ አታወዳድሩ ነው። የታጠበ ይርጋጨፌን ካልታጠበ ዝቅተኛ ደረጃ ጋር በጆንያ ብዛት የሚያወዳድር ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

ቤታችን ስድስት ነን። በቀን ስምንት የቤት እንጀራ እንበላለን፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። በ25 ብር ልዩነት ሲባዛ በቀን 88 ብር አካባቢ፣ በወር 2,600 ብር ገደማ። ይህ ነው የተቃጠለው ምጣድ በየወሩ የሚያስወጣን ገንዘብ፣ ምንም ሳንገዛለት።

አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት መነገር አለበት። ይህ 2,600 ብር እንዲሁ የተገኘ ትርፍ አይደለም፤ የጉልበት ዋጋ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይጋገራል። በአንዱ ቀን ከማሞቂያው ጋር ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማቡካቱ፣ አብሲቱ፣ ማጠቡ ሲጨመር በወር ከሃያ ሰዓት አያንስም። የምትጋግረው ባለቤቴ ናት፤ ወፍጮ ቤት ተሸክሜ የምሄደው እኔ ነኝ፣ እኩል ነው ብዬ ግን አልከራከርም። ሃያ ሰዓት ለ2,600 ብር፣ በሰዓት 130 ብር ይመጣል። ከሥራ ውጪ ባለው ሰዓቷ ከዚህ የተሻለ የምታገኝበት ሥራ ያላት ሴት እንጀራ ብትገዛ ልክ ናት። የኔ ባለቤት ቁጥሩን አይታ "ይጠገን፣ ልጆቹ የሱቁን አይበሉልኝም" አለች። ውሳኔው የእሷ ነው፣ ምክንያቱም ሰዓቱ የእሷ ነው። ብዙ አባወራ "በቤት ይጋገር፣ ይቀንሳል" ሲል የሚቀንሰው ከማን ጉልበት እንደሆነ አይቆጥረውም። የቀን ሠራተኛ ክፍያ ሳይጽፍ እርሻዬ አተረፈ የሚል ሰው ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ምክር መጠበቅ ነው። ይህ በሽታ ቡና ላይም አለብን፣ ስለዚህ ልቆይበት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሲሞላ ከ130 በላይ ሆኗል። ምጣድ አገር ውስጥ የሚሠራ ዕቃ ነው ይባላል፣ እውነትም ሸክላው የኛው አፈር ነው። ማሞቂያ ሽቦው፣ ላሜራው፣ ኬብሉና ሶኬቱ ግን በአብዛኛው በዶላር የገባ ነው። ታዲያ ዋጋው በምን ይወርዳል? ሊወርድ ይችላል፣ አላውቅም የምል ሰው አይደለሁም ግን በእርግጠኝነት የማውቀው የመጠበቂያውን ዋጋ ነው፤ በቀን 88 ብር፣ በሳምንት 616። አንድ ወር ጠብቄ ዋጋው በ500 ብር ቢወርድልኝ ከ2,000 ብር በላይ ከስሬ ነው የምገዛው።

በየካቲት 2017 ኒውዮርክ ላይ ፓውንዱ ከ4 ዶላር ሲያልፍ "5 ይገባል" ብለው መጋዘን የቆለፉ አቅራቢዎችን ታስታውሳላችሁ። መጠበቅ ነውር የለውም፤ የመጋዘን ኪራዩን፣ የባንክ ወለዱን፣ የክብደት ቅናሹን በደብተር ጽፎ የሚጠብቅ ሰው የሚሠራውን ያውቃል። ችግሩ መጠበቅ በነፃ የሚመስለው ሰው ነው። እቤት ስንሆን ደግሞ ሁላችንም እንደዚያ እንሆናለን፤ ምጣዱ ጥግ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል፣ የሱቅ እንጀራ በየቀኑ በዝርዝር ይገዛል፣ በዝርዝር የወጣ ብር ደግሞ አይታይም።

አሁን ወደ ዕቃው። ሱቆቹን ስዞር የተጠየቅኩት እንዲህ ነው፦ አዲስ ምጣድ 8,500 ብር፣ ሸክላውንና ሽቦውን ማስቀየር 2,900፣ ሽቦ ብቻ ማስቀየር 1,400። አብዛኛው ሰው 8,500ውን ሲሰማ "አዲስ ከሆነ ይቆያል" ይላል። ምጣድ እኮ ሦስት ነገር ነው፤ ከላይ ሸክላ፣ ከሥሩ በተቦረቦረው መስመር የተጠመጠመ ማሞቂያ ሽቦ፣ ከዚያ ደግሞ እግሩና ክዳኑን ጨምሮ ላሜራው። የሚሞተው ሸክላውና ሽቦው ነው። አዲሱም ውስጥ የሚገባው ያው ሸክላ፣ ያው ሽቦ ነው፤ አዲስ ቀለም ስለተቀባ አይረዝምም። የኛ ላሜራ ደህና ነው፣ አልዛገም፣ ክዳኑም ይገጥማል። ስለዚህ 5,600 ብር ጨምሬ የምገዛው ቀለም የተቀባ ላሜራ ነው። አሮጌውን ለቁራሌው ብሰጠው የሚከፍለኝ የአንድ ቀን እንጀራ አይገዛም።

ሽቦ ብቻ ማስቀየሩስ? የኛ ሸክላ ከጠርዝ ወደ መሀል ቀጭን ስንጥቅ አለበት። እንዲህ ያለው ላይ አዲስ ሽቦ መግጠም በተቀደደ ጆንያ ቡና መጫን ነው። ሸክላው ደህና ለሆነለት ሰው ግን 1,400ው በቂ ነው። ስንጥቁ በዓይን ካልታየ በጣት አንኳኩት፤ ደህናው ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተሰነጠቀው የታፈነ ይሆናል። የሸክላ ገበያ ያሉ እናቶች ከኛ በተሻለ ያውቁታል፣ ጀበና ስትገዙም እንደዚያው አድርጉ።

የጠጋኙን ሥራ እንዴት እንደምትቀበሉ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ናሙና ሳያይ የሚከፍል ሰው ያናድደኛል። አብዛኛው የቤት ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይስባል። ባለሙያው በቴስተር ሲለካው 14 ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት። በጣም ዝቅ ካለ ሽቦው አጭር ሆኗል ማለት ነው፤ ከሚገባው በላይ ይስባል፣ ቶሎም ይቃጠላል። በጣም ከፍ ካለ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ እንደ እርጥበት መለኪያ ቁጠሩት። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አግሎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ማንም የማይደምረው ወጪም አለ። 16 አምፔር የሚስብ ዕቃ በተራ ማራዘሚያ ላይ ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ጋር ተሰክቶ ይሠራል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ሶኬቱ ይቀልጣል፣ መገጣጠሚያው ይላላል፣ የላላው ቦታ ደግሞ ይግልና ሽቦውን ይበላዋል። ለብቻው ከቆጣሪ የሚወርድ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብልና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። እኔ ለዚህ የተጠየቅኩት ከእጅ ሥራው ጋር 1,600 ብር ነው። 2,900 ሲደመር 1,600፣ 4,500 ብር። በቀን 88 ብር ሲካፈል በ51 ቀን ራሱን ይመልሳል። ያለ ኬብሉ ቢሆን በ33 ቀን ይመለስ ነበር፣ ግን ያኔ ሁለተኛ ሽቦ መግዣውንም ከአሁኑ መመደብ ነው። ቡና ስትገዙ የትራንስፖርቱን ሳትደምሩ ዋጋ ትሰጣላችሁ? እንደዚያው ነው።

አዲስ ሸክላ ደግሞ ይሟሻል፣ በጎመን ዘር ታሽቶ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እንጀራዎች ይጣበቃሉ፣ ይበላሻሉ። ለእነሱም ሊጥ መድቡ፤ ፍርፍር ይሆናሉ እንጂ አይጣሉም።

መብራቱን ካነሳን አይቀር፣ የኤሌክትሪክ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየተጨመረ በአራት ዓመት እንዲሄድ የተወሰነ ነው። በፍጆታ መጠንም ይለያያል፣ ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይከፍላል። በእኛ ቤት ምጣዱ ብቻ በወር 55 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ስለዚህ ለሦስት አራት እንጀራ ብሎ ማጋል አያዋጣም፣ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይጋገር። መጨረሻው ላይ ማብሪያውን ቀድሞ ማጥፋትና የቀረውን በሸክላው ግለት ማውጣትም ይቻላል። መብራት ያልገባላችሁ የገጠር ማኅበራት አባላት ደግሞ ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራው "ምርጥ" የሚባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ እሳት ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። እዚያ ማገዶ የሚለቀመው በሴቶችና በልጆች ጀርባ ነው፣ እሱም ሂሳብ ነው።

ሦስተኛው ምክር ላይ ደረስኩ፤ "እጅህ ላይ ካለው ብር አንሳ"። እዚህ ላይ አልለሳለስም። በደላላ እጅ ያለ ብር አብዛኛው የራሱ አይደለም። የዩኒየን የመግዣ ብር ነው፣ የላኪ ቀብድ ነው፣ ገና ያልተከፈለ የአርሶ አደር ቡና ነው። 8,500 ብር ከዚያ ላይ ሲነሳ ማንም አያይም፤ ኮሚሽን ሲገባ ይመለሳል ይባላል። ከዚያ ዕቃው በድንገት ይገኛል፣ አቅራቢው መኪና ጭኖ ቆሞ ይጠብቃል፣ የጎደለችው ትንሽ ብር ጭነቱን ታስቀራለች። በዚህ ሥራ ከገበያ የወጡ ሰዎችን አውቃለሁ፤ አንዳቸውም በአንድ ትልቅ ኪሳራ አልወጡም። ፍሪጅ፣ ሶፋ፣ የልጅ ልደት፣ ምጣድ፣ እንዲህ እያለ ነው የሄደው።

አርሶ አደሩም ዘንድ መልኩ ይለያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጤፉ ገና ከአውድማ እንደገባ፣ ገበያው ሞልቶ ዋጋው ሲወርድ፣ የቤት ዕቃ ለማስጠገን ብሎ አንድ ኩንታል የሚሸጥ ቤተሰብ የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይደለም የሚከፍለው። ሰኔ ላይ ያ ኩንታል የሚያወጣውንና እሱ የሸጠበትን ልዩነት ጨምሮ ነው የሚከፍለው። የዩኒየን ሰዎች እዚህ ቻናል ላይ አላችሁ። በየቀበሌው የቁጠባና ብድር ማኅበር አላችሁ። ለማዳበሪያ ስትሰበሰቡ ለአነስተኛ የቤት ዕቃ የሚሆን የጥቂት ወር ብድርም ብታነሱ፣ አባሎቻችሁ እህላቸውን በረከሰ ሰዓት ወደ ገበያ አያፈሱም፤ እናንተም መጋዘን ውስጥ የሚገባ እህል ታገኛላችሁ። ይህን የምለው ለመንደርተኛው አዝኜ ብቻ አይደለም፣ የታኅሣሥ ዋጋ ሲፈርስ የኔም ኮሚሽን አብሮ ስለሚፈርስ ነው።

እኔ ገንዘቡን ከየት አመጣሁት? ዲፕሎማ ስንማር የዕቃ የእርጅና ቅናሽ የሚባል ነገር አስተምረውናል። መኪና ያለው ነጋዴ ሁሉ ይይዘዋል፣ ለቤት ዕቃ የሚይዝ ግን ጥቂት ነው። እኛ ቤት ለምጣድ፣ ለፍሪጅና ለቧንቧ በሚል በወር 400 ብር ለብቻው ይቀመጣል። አንዳንድ ወር ይዘለላል፣ ክረምት ላይ በተለይ። አሁን ስንከፍተው 2,800 ብር ነበረው። ከዚያ ላይ 1,600ውን ለኬብልና ለብሬከር፣ 1,200ውን ለጠጋኙ ቅድሚያ ሰጠን። የቀረውን 1,700 ብር ባለቤቴ ደመወዝ ስትቀበል እንከፍላለን፤ ጠጋኙም ተስማምቷል። የልጆቹ ምዝገባ ብር አልተነካም። የቀብድ ብርም አልተነካም።

እናንተ ነጋዴዎች ከዚህ ታሪክ ለገበያችሁ የምትወስዱት አንድ ምልክት አለ። እኔ ከምሸጥላቸው የአዲስ አበባ ቸርቻሪዎች አንዳንዶቹ "በኩንታል የሚወስደው ሰው አሁን በኪሎ ነው የሚጠይቀው፣ በኪሎ የሚወስደው እንጀራ ገዛ" ይሉኛል። ይህ ሰው ከጤፍ ፍላጎት አልወጣም፣ ግን ገዢው ተቀይሯል። ቤተሰቡ ማኛ ይመርጥ ነበር፣ ጋጋሪው ደግሞ ለድብልቅ የሚስማማውን ይመርጣል፤ ሰርገኛ፣ ነጭ ማሽላ፣ ሩዝ። ማኛ ላይ ብቻ ትልቅ ክምችት ይዛችሁ ለኅዳር የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ሰፈራችሁ ያለ ሱቅ ገብታችሁ አምስት እንጀራ ግዙና መዝኑት። ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ መሆኑንም እዩ።

ክብደቱን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ከየትኛው ከተማ እንደሆነና ስንት ብር እንደተገዛ ጨምራችሁ። በቂ ሰው ከላከ በኪሎ አስልቼ እለጥፈዋለሁ። የነገው የእህል በረንዳ ዋጋ እንደተለመደው ከረፋዱ በፊት ይወጣል።